ሦስተኛው ሽማግሌ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ በስም ልጥራ። ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ያልነበረ ሰው ይጨመርበታል።

አንደኛ አያ ደምሌ፤ በመተማ የሽንፋ ገበሬ፣ የነገሩ ሽማግሌ። ሁለተኛ ልጄ ይታየው፤ ስቶክሆልም የሚኖር፣ የከተማ አውቶቡስ ነጂ። ሦስተኛ ሰናይት፤ ይታየው ሊያገባት የፈለጋት፣ እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች። አራተኛ አቶ መኮንን፤ አባቷ፣ በደርግ ጊዜ ከጎንደር ወጥተው በዚያው የቀሩ። አምስተኛ ኡስማን፤ የገዳሪፍ ሱዳናዊ። ስድስተኛ እኔ ባዘዘው፤ የይታየው አባት፣ ገንዳ ውሃ ላይ ሰሊጥ የማመርት፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ ማንበብና መጻፍ የተማርሁ። ሌላ ሰው አልነበረም። «እኔም ነበርሁ» የሚላችሁን አትመኑት።

ከስድስታችን አያ ደምሌ ባለፈው ሐምሌ ሞቱ። የሽንፋ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር ለቀብራቸው አልደረስሁም። ክረምት ነበር፤ የእኛው ክረምት። «የእኛው» ያልሁት በምክንያት ነው።

አያ ደምሌን ተቀምጠው ያያቸው ሰው ጥቂት ነው። ቤት ሲመጡ «ይቀመጡ እንጅ» ሲሏቸው «ቆይ፣ ልሄድ ነው» ይሉና ግማሽ ቀን ቆመው ያወራሉ። አንዱን እግራቸውን አንስተው ሌላውን ይረግጣሉ፤ በር ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ከእሳቸው ጋር ያወራ ሰው አንገቱን ያመዋል። እኔ ይህን ጠባያቸውን አልወደውም ነበር። ሰውነቱ ያልረጋ ሰው ሐሳቡም አይረጋም ብዬ አምናለሁ፤ ልጆቼንም «ቁጭ በልና ተናገር» እያልሁ ነው ያሳደግሁ። አንድ ቀን ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኋቸው።

«ባዘዘው» አሉኝ፣ «ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ እንዴት ነው የሚደርቅ?»

«በሂላ ነዋ።» ሂላ የምንለው የታሰረው ሰሊጥ እርስ በርሱ እየተደጋገፈ የሚቆምበትን ክምር ነው።

«ቆሞ ነው ተኝቶ?»

«ቆሞ።»

«ብታስተኛውስ?»

«ይፈስሳል።»

«በል፣ ነገርም እንደ ሰሊጥ ነው። ቆሞ ይደርቃል። ካስተኛኸው መሬት ይበላዋል።»

ለመቀለድ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ትራክተር ተጣልተው ሊገዳደሉ ሲደርሱ ሲሸመግሉ አየኋቸው። ጊዜው ሚያዝያ ነው፤ የሽንፋን ሚያዝያ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ዶሮ እንኳ ከጥላ አይወጣም። አያ ደምሌ በሁለቱ ቤቶች መካከል፣ ሜዳ ላይ፣ ባዶ ራሳቸውን ቆሙ። ምንም አልተናገሩም። ታላቅየው በመስኮት አይቶ አይቶ፣ በመጨረሻ ጥላ ወደሚሆን ቦታ ሊወስዳቸው ወጣ። ታናሽየውም ውኃ ይዞ ወጣ። ሁለቱ እሳቸው ዘንድ ሲደርሱ ፊት ለፊት ተገናኙ፤ በዚያው ታረቁ። «እኔ ምን አደረግሁ፤ ፀሐዩ ነው አብሮኝ የሸመገለ» ይሉ ነበር።

እንግዲህ ልጄ ከስቶክሆልም ደውሎ ሽማግሌ ሲጠይቀኝ ሌላ ሰው አላሰብሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይታየውና ሰናይት ተፈቃቅደዋል። በአገሩ ሕግ ሁለቱ ፈርመው መጋባት ይችላሉ። ሰናይት ግን «ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም» አለች። አባቷ አቶ መኮንን ደግሞ «ከአገሩ ሽማግሌ ይላክ፤ በስልክ የሚሸመግል ሽማግሌ አልቀበልም» አሉ። በውጭ አገር የኖረ ሰው ወጉን ይረሳል ይባላል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው፤ ወጉን ከእኛ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ሌላ የሚይዘው ስለሌለው።

ልጄ የጥሪ ወረቀት ላከልን። ለእኔ ቪዛ ቢሰጡኝ አባት ነኝ። ለአያ ደምሌ ይሰጣሉ ብዬ ግን አላሰብሁም። የኤምባሲው ሰዎች «እዚያው አይቀሩም?» ብለው ሲጠይቋቸው «እንዴ! ሰኔ ሲገባ ሰሊጡን ማን ሊዘራልኝ ነው?» ብለው ተቆጧቸው። ቁጣው እውነተኛ ስለነበር ሳይሆን አይቀርም፣ ሰጧቸው።

ከመሄዳችን በፊት ይታየው ደወለ። «አባባ፣ እዚህ ክረምት ነው። የክረምት ልብስ ይዛችሁ ኑ።»

«በጥር?» አልሁት። «በጥር ምን ክረምት አለ?»

«እዚህ ክረምቱ አሁን ነው።»

ለአያ ደምሌ ነገርኋቸው። ትንሽ አሰቡና «አገሩ ሩቅ ነው፤ ዝናቡ ዘግይቶ ይሆናል» አሉ። ከዚያ እንደ ባለሙያ ተሰናዱ። ጭቃ የሚረግጡበትን የፕላስቲክ ቦት ጫማ፣ ጥላ፣ የላስቲክ የዝናብ ልብስ ያዙ። አጎበርም ጨመሩ፤ ክረምት ካለ ትንኝ አለ። እኔም የወባ ክኒን ገዛሁ። ከአርባ ዓመት በላይ በቆላ የኖርን ሁለት ሰዎች ክረምትን ማን ያስተምረናል?

ከአውሮፕላን ማረፊያው ስንወጣ ከሰማይ ነጭ ነገር ይወርዳል። አያ ደምሌ ጥላቸውን ዘረጉ። ቆመው አዳመጡ። የእኛ በረዶ ሲመጣ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የሰሊጡን አበባ እያረገፈ ነው።

«ባዘዘው፣ ይኸ በረዶ ድምፅ የለውም።»

«የለውም።»

«የእኛው ይጮሃል፤ ሰምተህ ትሸሻለህ። ዝም ብሎ የሚወርድ ነገር አያድርስ።»

ይታየው በእግራቸው ያለውን ቦት ጫማ አይቶ ደነገጠ። «ክረምት ያልሁት እኮ ብርዱን ነው!»

«ታዲያ ብርድ አትልም ነበር?» ብዬ ተቆጣሁት።

«እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ ክረምት ነው የሚለው፣ አባባ።»

ቃል እንደ ሰው ነው፤ ከአገሩ ሲወጣ ሌላ ሥራ ይይዛል። በእኛ ዘንድ ክረምት ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ዘር ነው። ልጄ ቃሉን ከቤቴ ይዞት ሄዶ ሌላ ሥራ አስይዞታል።

በማግስቱ ሰናይት ልትጠይቀን መጣች። ቀጭን፣ አማርኛዋ የሚጣፍጥ፣ ዓይኗ የማይዋሽ ልጅ ናት። ለአያ ደምሌ ውስጡ ሱፍ የሆነ ወፍራም ጫማ ገዝታ ይዛላቸዋለች። ተቀብለው አገላበጡት፣ እጃቸውን ውስጡ ከትተው ሙቀቱን ሞከሩ። ከዚያ መለሱላት።

«አልሆነዎትም፣ አያ ደምሌ?»

«ሆኖኛል ልጄ። ግን ገና ነው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም ከልጅቱ ቤት ውኃ እንኳ አይጠጣም። ጫማማ እንዴት አድርጌ?»

«እኔ ልግዛልዎት እንግዲያው» አለ ይታየው።

«አንተና እሷ አንድ ኪስ ናችሁ። አባቷ እሽ ያሉ ቀን አደርገዋለሁ። እዚያ በር ሥር አስቀምጭልኝ፤ እያየሁት ልቸኩል።»

እኔም ልግዛ ብዬ ነበር፤ «አንተም ባለጉዳይ ነህ» ብለው ዘጉኝ። በጨርቅ እግራቸውን ጠቅልለው በቦት ጫማቸው ጸኑ።

የመጀመሪያው ቀን ብቻቸውን ገቡ። የልጁ አባት ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ እኔ በልጄ መኪና ውስጥ ቀረሁ። ብዙ ሳይቆዩ በሩ ተከፍቶ ሲወጡ አየሁ። ጥላቸውን እንደ ዱላ ጨብጠዋል።

«ምን ተባለ?»

«ቆሜ ተናገርሁ። ሰውየው ቁጭ ብለው ሰሙኝ። ‹ሽማግሌ ማለት ሦስት ነው፤ አንድ ሰው መልእክተኛ ይባላል› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቀጥለው ‹ልጁ የየት አገር ነው?› አሉ። የገንዳ ውሃ ነው አልኋቸው። ‹ገንዳ ውሃ ሰው ለሥራ የሚሄድበት ነው እንጂ ሰው የሚወለድበት አገር አይደለም፤ ሥሩን ማን ያውቀዋል?› አሉኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

ከጥላቸው ላይ በረዶውን አራገፉ።

«አያ ደምሌ፣ ምን አሉ?»

«‹እርስዎስ እዚህ ተወልደው ነው ወይ?› አልኋቸው።»

አበላሹት። ምላሳቸው ይቀድማቸዋል፤ ይህን በቁማቸውም ነግሬያቸዋለሁ፣ አሁንም እጽፈዋለሁ። ሰናይት ማታ ደውላ አለቀሰች። ለይታየው እንዲህ አለችው፦ «አባቴ ብቻውን ነው ያሳደገኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ይምጡ። ከዚያ በኋላ እምቢ ካለ እኔም አላስጨንቀውም፤ ይቅርብን።» እሑድ እንድንመለስ ቀጠሮ ያዘችልን። የእኛም ቪዛ ከዚያ ብዙ አያልፍም ነበር። ልጄ ምግብ አልበላ አለ። አባት ነኝና እውነቱን ልናገር፤ ተቆጥቼ የማላስተካክለው ነገር ሳገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

እስከ እሑድ አያ ደምሌ ቤት አልቀመጥ አሉ። የልጄ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ይመላለሳሉ። ፀሐይዋ አርፍዳ ትወጣለች፣ ከምሳ በኋላ ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች። «ይቺ ፀሐይ እንደኔ ነች፤ ቆማ ሰላም ብላ ትሄዳለች» ይላሉ። አንድ ቀን ዘወር ስል የሉም። ይታየው ሥራ ላይ ነው፤ እኔ ቋንቋ የለኝ። በመስኮት ስጠብቃቸው ስጠብቃቸው፣ መሸ፣ ነፍሴ ልትወጣ ስትል በሩ ተንኳኳ። አያ ደምሌ ከአንድ ረጅም ጥቁር ሰው ጋር እየሳቁ ገቡ።

ባቡር ጣቢያ ጠፍተው ሳሉ ከኋላቸው አንዱ ሌላውን «ያ ዞል!» ሲል ሰሙ። ሱዳኖች «አንተ ሰው» ሲሉ እንዲህ ነው የሚሉት። አያ ደምሌ በወጣትነታቸው ገዳሪፍ ሰሊጥ ሲያጭዱ የኖሩ ናቸው፤ ዓረብኛቸው ከአማርኛቸው አያንስም። ዞረው «ያ ዞል፣ የጠፋሁ የመተማ ሰው ነኝ» አሉት። ኡስማን ማለት ይህ ነው። ከጎዳና በረዶ የሚጠርግ ሠራተኛ ነው፤ አባቱ በገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ ይሸጡ ነበር።

«ሁለተኛ ሽማግሌ አገኘሁ» አሉኝ።

«አያ ደምሌ! ሰውየው እስላም ነው፣ ሱዳናዊ ነው። አቶ መኮንን ቀለዱብኝ ይላሉ።»

«እህላችን አንድ ገበያ ነው የሚሸጥ። ከእሱ የቀረበ የአገር ሰው እዚህ ካለህ አምጣልኝ።»

አልነበረኝም። ኡስማን «እሑድ ሥራ አለብኝ፤ ግን እመጣለሁ፣ ኢንሻላህ» አለ።

እሑድ ስንነሳ በረዶው መንገዱን ሁሉ ውጦታል። አውቶቡስ ቆሟል፤ ይታየው እንኳ በሚነዳው አውቶቡስ ውስጥ ታግዶ «መድረስ አልችልም» ብሎ ደወለ። የአቶ መኮንን ቤት ከሐይቅ ማዶ ነው። በመንገድ ዞሮ በእግር መሄድ ቀጠሮውን ያሳልፋል።

እንዳለው የመጣው ኡስማን ወደ ሐይቁ ጠቆመ። ውኃው በብርዱ ጠጥሮ ነጭ ሜዳ ሆኗል። ሰው ይሄድበታል፤ ሴቶች ልጆቻቸውን በመንሸራተቻ ይጎትታሉ። እኔ አልገባም አልሁ። ሽንፋ ሲሞላ ጎረምሳ ከነበሬው ሲወስድ ያየሁ ሰው ነኝ።

አያ ደምሌ ዳር ላይ ቆመው፣ ወንዝ የሚሻገር ሰው በዘንግ እንደሚለካ፣ በጥላቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት። «የእኛ ክረምት መንገድ ይቆርጣል። የእነሱ ክረምት ድልድይ ይሠራል» አሉና ገቡ። ኡስማን ተከተላቸው። እኔም ተከተልሁ፤ ጸሎቴን ሳላቋርጥ።

ማዶ ስንደርስ የቦት ጫማቸው ፕላስቲክ እንደ ሸክላ ደርቆ ይንቋቋ ነበር። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቀረሁ። በረዶ ድምፅ ስለማያሰማ የተናገሩት ሁሉ እኔ ዘንድ ይደርሳል።

አቶ መኮንን በሩን ከፈቱ። «ደኅና መጣችሁ። ግቡ።»

«አንገባም።»

«እንዴት?»

«ባለፈው ገብቼ ቆምሁ። ቤትዎ ይሞቃል። ሙቀት ውስጥ መቆም ያው መቀመጥ ነው። ዛሬ እውነተኛውን እንቆማለን።»

አቶ መኮንን ኡስማንን አዩት። «እኚህ ማን ናቸው?»

«ኡስማን፤ የገዳሪፍ። ሁለተኛው ሽማግሌ።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ብርዱ ነው። እነሆ አጠገባችን ቆሟል። እርስዎ መልስ እስኪሰጡ እሱም አይቀመጥም።»

አቶ መኮንን አልሳቁም። «እምቢ ካልሁስ?»

«እምቢም መልስ ነው። ሰምተን እንሄዳለን። ግን ባለፈው የተናገርሁት ክፉ ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ገንዳ ውሃም ሰው ሄዶበት ነው የተወለደበት። እዚህም እርስዎ ሄደው ልጅዎ ተወለደች። ሥር ማለት የሄደ ሰው የቆመበት ነው፣ ሌላ አይደለም። ይኸን ልልዎት ነው የመጣሁ።»

አቶ መኮንን በሩን ዘጉት።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ደጅ ላይ ቆሙ። ኡስማን እየዘለለ እጁን ያሻል። አያ ደምሌ፣ በሕይወታቸው አንድ ቦታ ረግተው የማያውቁት ሰው፣ አልተነቃነቁም። በመስኮቱ የሰናይት ፊት ይታየኛል፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ቆየ። እጅግ ቆየ። እኔ አልቻልሁም።

«አያ ደምሌ፣ ይበቃል! እንሂድ!»

ዞር ሳይሉ «ባዘዘው፣ አንተ የልጁ አባት ነህ። ሽማግሌ አይደለህምና ዝም በል» አሉኝ።

በሩ ተከፈተ። አቶ መኮንን በቤት ነጠላ ጫማ፣ ያለ ካፖርት ወጡ። በረዶው ላይ ወርደው ከአያ ደምሌ ፊት ለፊት ቆሙ። እንባቸው ይወርድ ነበር፤ ጎረቤቶቹም በመስኮት ያያሉ።

«አያ ደምሌ፣ እኔ የዚችን ልጅ እናት ሳገባ የሚቆምልኝ ሰው አልነበረኝም። አገሬ መመለስ አልችልም፤ ከአገሬ የሚመጣም የለ። አንድ ቢሮ ገብተን ፈርመን ወጣን። ልጄን ‹ማን ቆመልሽ?› ሲሏት የምትመልሰው እንዳታጣ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ያስቸገርኋችሁ።»

«አውቄያለሁ» አሉ አያ ደምሌ።

«ሰጥቻለሁ።»

ኡስማን «አልሐምዱሊላህ» አለ። እኔ አጥሩን ያዝሁ። አያ ደምሌ ግን ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ወደ አቶ መኮንን ቀና ብለው፣ ከአንደበታቸው ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ተናገሩ።

«እንግዲያው አሁን አስቀምጡኝ።»

ተሸክመን አስገባናቸው። ሰናይት ተንበርክካ ቦት ጫማውን ስትስብ እግራቸው እንደ ጧፍ ነጭ ነበር። ሐኪሞቹ አብዛኛውን አተረፉ፤ ከግራ እግራቸው ሁለት ጣት ተቆረጠ። አያ ደምሌ «ሁለቱን ስጡኝ፤ እኔ ሳልሞት በከፊል የትም አልጣልም» ብለው ሲሟገቱ ሰጧቸው። ጣቶቹን ልንቀብር ስንል የአቶ መኮንን ጓሮ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ አካፋ አልቀበል አለ። መሬቱ ሲላላ አቶ መኮንን ራሳቸው ከጓሯቸው ፖም ዛፍ ሥር ቀብረው ደወሉልን።

አገር ከተመለስን በኋላ ሰው አልማራቸውም። «አያ ደምሌ፣ ጥሎሹን በጣት ከፈሉ አሉ!» ሲሏቸው «ወርቅ ስላልነበረኝ ነው» ይሉ ነበር። እያነከሱም ቢሆን ከበፊቱ ይፈጥናሉ። አንድ ጊዜ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የእንግሊዝኛውን «ዊንተር» «ክረምት» ብለው ሲያጠኑ ሰሟቸው። በማግስቱ መምህሩ ዘንድ ሄደው ቆሙ።

«ይኸን ቃል ለውጡት።»

«መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው፣ አባቴ።»

«መጽሐፉ ስቶክሆልም አልሄደም። ብርድ በሉት። ልጅ ጣቱን ያጣል።»

መምህሩ የሳቀ መሰለኝ። አያ ደምሌ ግን ስቀው አልተናገሩም።

«ልጅህን ለመዳር ስንት ወጣብህ?» እያለ የሚጠይቀኝ አለ። እስቲ የሁላችንንም ልደምረው። ኡስማን በዚያ እሑድ ስለቀረ ከሥራው ተባረረ፤ በረዶ እስኪያልቅ ሥራ ፈቶ ቆየ፣ በኋላ ሌላ አገኘ። አቶ መኮንን ለብዙ ዘመን የደበቁትን እንባ በጎረቤት ፊት አወጡት። ሰናይት የገዛችው ጫማ በፋሻ ለተጠቀለለ እግር ጠቦ አንድ ቀን እንኳ ሳይደረግ ቀረ፤ አሁንም በራቸው ሥር ነው አሉ። ይታየው «ክረምት» የሚለው ቃል ጠፋበት፤ ስደውልለት «ብርድ ገባ» ነው የሚለኝ። እኔ «ቁጭ በልና ተናገር» የሚለውን ተግሣጼን ከፈልሁ፤ ከዚያ ወዲህ አፌ ላይ አልመጣልኝ ብሏል። የልጅ ልጄ ሲወለድ እትብቱን ከዚያው ፖም ሥር ቀበሩት።

ሌላው ሁሉ በጊዜው ተተክቷል፤ ያልተተካው ድምር የአያ ደምሌ ሁለት ጣት ነው። እሱም የልጅ ልጄ «አገሬ» በሚለው መሬት ውስጥ፣ ከእትብቱ አጠገብ አለ።